ልጃችን ነርስ እሆናለሁ ብትለን

ልጆችን ወልዶ ማሳደግ ከእግዚአብሔር የተሰጠ ታላቅ አደራ መሆኑን የማያውቅ ክርስቲያን ቤተ ሰብ የለም። አደራውም ልጅን አብልቶና አልብሶ በማሳደግ ብቻ አይፈጸምም፤ ልጁ ለየትኛው ሥራ ዝንባሌና ስጦታ እንዳለው አስተውሎ ወደዚያው መምራትም ከአደራው አንዱ ክፍል ነው። ዳሩ ግን ይህን ክፍል ብዙዎቻችን ችላ እንለዋለን፤ ወይም ደግሞ ልጁ ገና በእቅፋችን ሳለ እኛው ወስነን እንጨርሰዋለን። ሕፃኑን «የእኔ ኢንጂነር»፣ ሕፃኒቱን «የእኔ ዶክተር» እያልን ስንጠራ ቁልምጫ ብቻ ይመስለናል እንጂ ፍርድ መስጠታችን አይታወቀንም።

በዚህ ወር ስለዚህ ነገር እንድንጽፍ ያነሣሣን በምናስተምርበት ትምህርት ቤት የደረሰ አንድ ጉዳይ ነው። ጉዳዩ በብዙ ቤት የሚደርስ ስለ ሆነ፣ ይልቁንም እኛው ራሳችን የተሳሳትንበት ስለ ሆነ፣ ሳንሸሽግ ለአንባብያን ልናቀርበው ወደድን።

አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ አለችን። በባዮሎጂና በኬሚስትሪ ከክፍሉ ቀዳሚዎች አንዷ ስትሆን በጠባይዋም ጭምት ናት። አባቷ በንግድ ሥራ የሚተዳደሩ፣ ሰንበቴያቸውን የማያስታጉሉ፣ የተከበሩ ሰው ናቸው። ልጅቱን ከሕፃንነቷ ጀምሮ «ዶክተር» እያሉ ስለሚጠሯት የሰፈሩ ሰው ሁሉ ስሙን ለምዶ የክርስትና ስሟን የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። ታዲያ አንድ ቀን ከትምህርት ሰዓት በኋላ ወደ መምህራን ክፍል መጣችና ዐይኗን ወደ መሬት ሰብራ፣ «መምህር፣ እኔ መሆን የምፈልገው ነርስ ነው። ለአባቴ እንዴት አድርጌ እንደምነግረው ይምከሩኝ» አለችን።

እኛም ሳናስብ፣ «አንቺን የመሰለች ጐበዝ ተማሪ እንዴት ነርስ ትሆናለች? ነርስነት ውጤት ላልመጣለት ሰው ነው እንጂ ላንቺ አይደለም። ደግሞስ አባትሽን ለምን ታሳዝኛቸዋለሽ?» ብለን መለስንላት። እርሷም «እሺ መምህር» ብላ እጅ ነሥታ ሄደች። ያን ዕለት መልካም ምክር የሰጠን መስሎን ነበር።

ከጥቂት ወራት በኋላ የልጅቱ አያት በድንገት ወድቀው ግራ ጎናቸው እንደ ሰነፈ ሰማን። ሆስፒታል ሰንብተው ወደ ቤት ከተመለሱ በኋላም አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ልንጠይቃቸው ሄድን። አሮጊቷ በንጹሕ አንሶላ ላይ በጎናቸው ተኝተዋል፤ ከጀርባቸውና ከእግራቸው ሥር ትራስ ተደርጎላቸዋል። በግድግዳው ላይ ከደብተር የተገነጠለ ወረቀት ተለጥፎ አየን። በወረቀቱም ላይ በየሁለት ሰዓቱ በየትኛው ጎናቸው እንደ ተገላበጡ፣ መድኃኒታቸውን በስንት ሰዓት እንደ ወሰዱ፣ ምን ያህል ውሃ እንደ ጠጡ በጥንቃቄ ተጽፎበታል። ጸሐፊዋ ያችው ተማሪያችን ናት። አያቷ ከሆስፒታል ሲወጡ አንዲት ነርስ፣ ለረጅም ጊዜ የሚተኛ ሕመምተኛ በየጊዜው ካልተገላበጠ አጥንት በጐላበት ቦታ ሁሉ ቆዳው እንደሚቆስል፣ ያም ቁስል ሲመረቅዝ ለሞት እንደሚያደርስ አስረድታት ነበር። ልጅቱም ከእናቷ ጋር ሌሊቱን ተካፍለው ይህን ሲፈጽሙ ሰንብተዋል።

ቡና እየጠጣን ሳለ አባቷ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «መምህር፣ ሐኪሙ የሕመሙን ስም ነገረን፤ እናቴን እስከ ዛሬ ያቆየቻት ግን ይህች ናት» አሉን። ይህን ሲናገሩ ለልጃቸው ሙያ መመስከራቸውን እርሳቸው አላወቁም። እኛ ግን ዐወቅን፤ አፈርንም።

የወላጆች ምኞት ከየት ይመጣል?

ስሕተታችንን ስላመንን የወላጆችን አሳብ ማቃለል አይገባንም። ብዙ ወላጅ ልጁን ያስተማረው የራሱን ጉሮሮ ዘግቶ ነው። ከገጠር የመጣው በሬውን ሸጦ፣ የከተማው ደግሞ ከቀን ወጪው ቀንሶ፣ እናት እንጀራ ጋግራ ሸጣ ደብተርና የደንብ ልብስ ገዝተዋል። እንዲህ የደከመ ሰው የድካሙን ፍሬ ከፍ ባለ ቦታ ለማየት ቢመኝ የሚያስነቅፍ አይደለም። የሐኪምነትም ሙያ የተከበረና የሚያስፈልግ ሙያ ነው፤ መጽሐፈ ሲራክም ሐኪምን ማክበር እንደሚገባ ያስተምረናል። ስለዚህ የምንናገረው ሐኪምነትን ዝቅ ለማድረግ አይደለም።

ይሁን እንጂ ወላጆች ነርስነትን የሚጠሉበትን ምክንያት አንድ በአንድ ብንመረምር ግማሹ እውነት፣ ግማሹ ደግሞ ከልማድ የመጣ ግምት ሆኖ እናገኘዋለን።

የመጀመሪያው ምክንያት ነርስ ማለት ሐኪም ለመሆን ያልበቃ ሰው ነው የሚለው አስተያየት ነው። ይህ ፈጽሞ ስሕተት ነው። ቀዳሹ ቄስ ለመሆን የቀረው፣ መሪጌታው ደግሞ ቀዳሽ መሆን ያቃተው እንዳይደለ ሁሉ፣ ነርስም ያልተሳካለት ሐኪም አይደለም። ሁለቱ ሙያዎች ጎን ለጎን የቆሙ ናቸው። ሐኪም ሕመሙን መርምሮ ስሙን ይሰጠዋል፤ መድኃኒቱን ያዝዛል፤ ቀዶ የሚጠገነውን ይጠግናል። ከዚያ በኋላ ሃያ አራቱን ሰዓት ከሕመምተኛው አልጋ አጠገብ የምትቆመው ነርስ ናት። ትኩሳቱ ሲጨምር፣ ትንፋሹ ሲፈጥን፣ ቀለሙ ሲለወጥ አስቀድማ የምታየው፣ አይታም ሐኪሙን የምትጠራው እርሷ ናት። እርሷ ካላየች ሐኪሙ አይደርስም።

ሁለተኛው ምክንያት የደመወዝ ነገር ነው። በዚህስ ወላጆች እውነት አላቸው። በአገራችን የነርስ ደመወዝ ከድካሙ ጋር ሲመዛዘን አነስተኛ ነው፤ ሀብት ለማካበት የሚሻ ሰው ይህን መንገድ ባይጀምር ይሻለዋል። ዳሩ ግን ሥራው በዓለም ሁሉ የሚፈለግ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ዘገባ በዓለም 28 ሚሊዮን ያህል ነርሶች እንዳሉ፣ ነገር ግን 5.9 ሚሊዮን ያህል እንደሚጎድሉ፣ ጉድለቱም ከሚጠናባቸው ክፍላተ ዓለም አንዱ የእኛው አፍሪካ መሆኑን ገልጿል። በአሜሪካ ከሚኖሩ ወገኖቻችንም በዚህ ሙያ ቤተ ሰባቸውን የሚያስተዳድሩ፣ ከዚያም ተርፈው በአገር ቤት ያሉ ወላጆቻቸውን የሚጦሩ ብዙዎች ናቸው።

ሦስተኛው ምክንያት የሌሊት ተረኝነት ነው። «ሴት ልጅ ሌሊት ከቤት ውጭ እንዴት ታድራለች?» የሚሉ አባቶች ጥቂት አይደሉም። የመንገዱ አደጋ የሚያሳስብ ስለ ሆነ ቤተ ሰቡ የምትሄድበትንና የምትመለስበትን ሁኔታ ማሰቡ ተገቢ ነው። የክብሯ ነገር ግን ሊያሳስብ አይገባም። እኛ ማኅሌት ቆመን ስናድር ሌሊቱ የጸሎት ሌሊት እንደሚሆን ሁሉ፣ ከሚያጣጥር ሕመምተኛ አጠገብ የሚታደርም ሌሊት በእግዚአብሔር ፊት የከበረ ነው።

አራተኛው ምክንያት ብዙ ጊዜ በአፍ የማይነገር ነው፤ ይኸውም የሰውን ገላ ማጠብ፣ ቁስሉን መጥረግ፣ እዳሪውን ማንሣት የዝቅተኛ ሰው ሥራ ነው የሚል ስውር አሳብ ነው። ለዚህ መልስ ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያሻንም። መድኃኒታችን የደቀ መዛሙርቱን እግር አጠበ። በየዓመቱ በጸሎተ ሐሙስ ካህናት የምእመናንን እግር ሲያጥቡ እያየን እንባችንን እንጠርጋለን። ታዲያ ልጃችን የሕሙማንን እግር ልጠብ ስትለን ለምን እናፍራለን? ከስድስቱ ቃላተ ወንጌል አንዱ የታመመን መጠየቅ መሆኑን፣ ጌታም ለታመመው የተደረገውን ለእርሱ እንደ ተደረገ አድርጎ እንደሚቈጥረው እናውቃለን። በቅዳሴው የምናውቀው ቅዱስ ባስልዮስ በ4ኛው መቶ ዓመት በቂሳርያ ከተማ ዳርቻ ለድኆችና ለሕሙማን፣ ለምጻሞችም ጭምር መጠለያ ሠርቶ በገዛ እጁ አገልግሏል። በጥንታዊት ቤተ ክርስቲያን የነበሩ ሴቶች ዲያቆናውያትም በየቤቱ የተኙ ሕሙማን ሴቶችን ይጐበኙ ነበር። ስለዚህ ማስታመም ከውጭ አገር የመጣብን እንግዳ ሥራ ሳይሆን ከቤተ ክርስቲያን እቅፍ የወጣ አገልግሎት ነው።

የባለጸጋ ልጅና የንጉሥ ልጅ

ወላጆቿ ነርስ እንዳትሆን የከለከሏት ልጅ ዛሬ የመጀመሪያዋ አይደለችም። የዘመናዊ ነርስነት እናት የምትባለው ፍሎሬንስ ናይቲንጌል እ.ኤ.አ. በ1820 ከባለጸጎች እንግሊዛውያን ተወለደች። በ16 ዓመቷ እግዚአብሔር ለአገልግሎት እንደ ጠራት በማስታወሻዋ ጽፋለች። እ.ኤ.አ. በ1845 በቤታቸው አቅራቢያ በሚገኝ ሆስፒታል ማስታመም ልማር ብላ ብትጠይቅ እናቷና እኅቷ በኀዘንና በቍጣ ተነሡባት፤ በዚያ ዘመን የሆስፒታል አስታማሚዎች በስካርና በብልግና የሚታሙ ስለ ነበሩ ለጨዋ ልጅ ነውር ነበርና ነው።

እዚህ ላይ ተማሪዎቻችን ሊያስተውሉት የሚገባ ነገር አለ። ፍሎሬንስ ከቤት አልኰበለለችም፤ ተስፋም አልቈረጠችም። ጎሕ ሳይቀድ እየተነሣች በሻማ ብርሃን ስለ ሆስፒታሎች አሠራር የተጻፉ ዘገባዎችን ታነብ፣ ቍጥሮቹን በሠንጠረዥ እያደረገች ታጠና ነበር። ሰዓቱ ሲደርስም ከቤተ ሰቧ ጋር ቁርስ ትቀርባለች። እንዲህ ስታደርግ ዓመታት አለፉ። እ.ኤ.አ. በ1851 በጀርመን አገር በካይዘርስቬርት በሚገኘው የዲያቆናውያት ቤት ሦስት ወር ያህል ለመማር በቃች። በመጨረሻም አባቷ ልባቸው ራርቶ በየዓመቱ 500 ፓውንድ መተዳደሪያ ቈረጡላት። እ.ኤ.አ. በ1854 በክሪሚያ ጦርነት ለቈሰሉት ወታደሮች 38 አስታማሚዎችን ይዛ ስትዘምት ሥራው አዲስ አልሆነባትም፤ አስቀድማ ተዘጋጅታበት ነበርና። እ.ኤ.አ. በ1860 በለንደን የነርሶች ትምህርት ቤት ተከፈተላት። የተወለደችበት ቀን፣ ግንቦት 4፣ ዛሬ የዓለም ነርሶች ቀን ሆኖ ይከበራል።

የእኛም አገር የራሷ ምሳሌ አላት። ልዕልት ፀሐይ የንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና የእቴጌ መነን ልጅ ነበሩ። በ1928 ዓ.ም. ከቤተ ሰባቸው ጋር ወደ እንግሊዝ አገር ሲሰደዱ ዕድሜያቸው ገና 16 ዓመት ነበር። በስደትም ሳሉ በለንደን በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ገብተው ነርስነት ተማሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1939ም ፈተናቸውን አልፈው የሕፃናት ነርስ ሆኑ። የንጉሥ ልጅ የሕፃናትን አልጋ ማንጠፍና ቁስል ማጠብ አላሳፈራቸውም። አገራችን ነፃ ከወጣች በኋላ ወደ ኢትዮጵያ ተመልሰው ነበር፤ ዳሩ ግን በነሐሴ ወር 1934 ዓ.ም. ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ሕመም በ22 ዓመታቸው በነቀምት ዐረፉ። በስማቸው በአዲስ አበባ የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ1951 የተከፈተው ሆስፒታል የነርሶች ማሠልጠኛም ነበረው፤ ሆስፒታሉ ዛሬ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ይባላል። በ1947 ዓ.ም. ደግሞ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተቋቁሞ ከጤና መኰንኖች ጋር ወደ ገጠር የሚወጡ ነርሶችን ማሠልጠን ጀመረ።

ነርስነት ውጤት ላልመጣለት ሰው ነው ብለን ስንመልሳት፣ በአገራችን ሙያውን ካስከበሩት መካከል የንጉሥ ልጅ መኖራቸውን ረስተን ነበር።

በትምህርት ቤት የሚደረግ ዝግጅት

ምኞት ብቻውን ሙያ አይሆንም። ነርስ መሆን የሚፈልግ ተማሪ፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ ዝግጅቱን ከ9ኛ ክፍል መጀመር አለበት። ወንድ የምንለውም በከንቱ አይደለም፤ በአገራችን በየጤና ጣቢያው የሚያገለግሉ ወንዶች ነርሶች ብዙዎች ናቸው፤ ይህ ጽሑፍ ለእነርሱም ወላጆች ነው።

ተማሪው ወደ 11ኛ ክፍል ሲዛወር የተፈጥሮ ሳይንስን መምረጥ ይኖርበታል። ባዮሎጂ የሰውነት ክፍሎችን፣ የደምን ዝውውርና የበሽታ አምጪ ተሕዋስያንን ጠባይ ያስተምረዋል። ኬሚስትሪ መድኃኒት በሰውነት ውስጥ ስለሚሠራው ሥራ መሠረት ይጥልለታል። ብዙዎች የሚዘነጉት ሒሳብን ነው። ለምሳሌ ለአንድ ሕመምተኛ 1000 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ በ8 ሰዓት ውስጥ በደም ሥሩ እንዲገባ ታዘዘ እንበል። ማስገቢያው መሣሪያ አንዱን ሚሊ ሊትር በ20 ጠብታ የሚያወርድ ከሆነ ጠቅላላው 20,000 ጠብታ ይሆናል። 8 ሰዓት 480 ደቂቃ ነውና ነርሷ በየደቂቃው 42 ያህል ጠብታ እንዲወርድ አድርጋ ታስተካክላለች። ሒሳቡን ብታሳስት ለልብ ሕመምተኛ ትንፋሽ እስከማሳጠር የሚያደርስ ጉዳት ሊሆን ይችላል። በመድኃኒት መጠን ላይም አንዲት ነጥብ ያለ ቦታዋ ብትቀመጥ ሕመምተኛው ዐሥር እጥፍ ይወስዳል። በክፍል ውስጥ አንድ ማርክ የምታስቀንስ ስሕተት በሕሙማን አልጋ አጠገብ ነፍስ ታጠፋለች።

እንግሊዝኛም እንደዚሁ አስፈላጊ ነው፤ የኮሌጁ ትምህርትና በመድኃኒቱ ላይ የተጻፈው መመሪያ በአብዛኛው በዚያ ቋንቋ ነውና። ነገር ግን ሕመምተኛው ሕመሙን የሚናገረው በእናቱ ቋንቋ ነው። ስለዚህ ተማሪው አማርኛውን ከማጥራት ጋር ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ ሶማልኛ ወይም በአካባቢው የሚነገረውን ሌላ ቋንቋ ቢማር ከመድኃኒት የማይተናነስ ጥቅም ያገኝበታል።

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ብርቱ መሆኑን ደግሞ መሸሸግ አይገባም። ከተፈታኞቹ መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት በ2014 ዓ.ም. 3.3 ከመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ከመቶ ብቻ ነበሩ። እንግዲህ «ነርስነት ውጤት ላልመጣለት ነው» የሚለው አባባል በዚህም በኩል ከእውነት የራቀ ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በነርስነት በዲግሪ ለመመረቅ አራት ዓመት ያህል ይፈጃል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮም ተመራቂው የመውጫ ፈተና ማለፍ አለበት፤ ለሥራውም የሙያ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ከዚያ በኋላ በሕፃናት፣ በጽኑ ሕሙማን፣ በቀዶ ሕክምና ወይም በአእምሮ ሕክምና ነርስነት ትምህርቱን ሊቀጥል ይችላል። ወደ ግል ኮሌጅ የሚሄድ ተማሪ ቢኖር ወላጆቹ ገንዘብ ከመክፈላቸው በፊት ኮሌጁ በዚህ ትምህርት ዕውቅና ያለው መሆኑን ያረጋግጡ።

ከመጽሐፍ ውጭም የሚደረግ ዝግጅት አለ። በ1927 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የመጀመሪያ እርዳታ ትምህርት ይሰጣል፤ ደም የሚፈሰውን ሰው እንዴት እንደሚይዙት፣ የተቃጠለውን በምን እንደሚያቀዘቅዙለት በዚያ መማር ይቻላል። በቤትም ተማሪው የሰዓት እጅ እያየ የቤተ ሰቡን የደም ሥር ትርታ መቍጠር ይለማመድ፤ ያረፈ ጤነኛ አዋቂ ሰው ትርታው በደቂቃ ከ60 እስከ 100፣ ትንፋሹም ከ12 እስከ 20 ይደርሳል። እጅን በሳሙና ሙልጭ አድርጎ መታጠብን ልማድ ያድርግ። ነገር ግን ሳይማር መድኃኒት ማዘዝ ወይም መርፌ መውጋት ፈጽሞ አይገባውም፤ የሙያው መጀመሪያ ልክን ማወቅ ነው።

ከሁሉ በላይ ጠባይን ማዘጋጀት ያስፈልጋል። ነርስ የሰውን ምስጢር ታያለች፤ ስለዚህ አፏን የምትጠብቅ መሆን አለባት። ያደረገችውን አደረግሁ፣ የረሳችውን ረሳሁ ብላ በእውነት መጻፍ ይገባታል፤ ያልሰጠችውን መድኃኒት እንደ ሰጠች አድርጋ ብትጽፍ ውሸቷ ሰው ይገድላልና። የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በበዓል ቀን ሕሙማንን ለመጠየቅ ሲሄዱ አብሮ መሄድ መልካም ነው፤ ይበልጥ መልካም የሚሆነው ግን በዓሉ ካለፈ በኋላ፣ ጠያቂ በሌለበት ማክሰኞና ረቡዕ፣ ብቻ መሄድ ነው። በዚያን ጊዜ ልቡ የሚጸየፍ ወይም የሚሰለች መሆኑን ተማሪው ራሱ ይመረምራል። ደም አይቶ መደንገጥ በልምምድ ይለቃል፤ ሕመምተኛን መናቅ ግን ካልተነቀለ ከሙያው ጋር አይኖርም። ወደ ውጭ አገር መሄጃ ድልድይ ብቻ አድርጎ ሙያውን የሚመርጥም ራሱን ደግሞ ይጠይቅ።

አንዳንድ ምእመናን ስለ ጾምና ስለ ሰንበት ይጠይቁናል። ተረኛ የሆነች ነርስ አንዳንድ እሑድ ከቅዳሴ ትቀራለች፤ ይህ እውነት ነው። ዳሩ ግን ጌታችን በሰንበት ቀን ሕሙማንን እንደ ፈወሰ እናስታውስ፤ ስለ ጾሟና ስለ ጸሎቷም የንስሓ አባቷን ትጠይቅ። ጸበልና መድኃኒትም የሚጣሉ አይደሉም። ይልቁንም በእምነት ያደገች ነርስ ጸበል የሚጠመቀውን ሕመምተኛ ሳትነቅፍ፣ መድኃኒቱንም እንዳያቋርጥ በፍቅር ልትመክረው ትችላለች፤ ከማንም ይልቅ እርሷን ይሰማታልና።

ከወላጅ ጋር መነጋገር

ተማሪዎች ሆይ፣ አባትንና እናትን ማክበር ትእዛዝ ነው። ማክበር ማለት ግን የልብን ደብቆ በፊታቸው «እሺ» ማለት፣ ከኋላቸው ደግሞ የምርጫውን ቅጽ በስውር መሙላት አይደለም። ይህ ውሸት ነው፤ ውሸት ደግሞ አክብሮት ሊሆን አይችልም። መጮኽና ማኵረፍም እንዲሁ አይጠቅምም። አስቀድማችሁ በሥራ አሳዩአቸው። ማርካችሁን፣ የመጀመሪያ እርዳታ ምስክር ወረቀታችሁን፣ በቤት ያስታመማችሁትን ሰው ምስክርነት ይዛችሁ ቅረቡ። ቤት ሰላም የሆነበትን ሰዓት መርጣችሁ በትሕትና ተናገሩ፤ ካስፈለገም የንስሓ አባታችሁን ወይም የቤተ ሰብ ሽማግሌ ከጎናችሁ አድርጉ። ከዚያ በኋላ ጊዜ ስጧቸው። እናንተ ለማሰብ ሁለት ዓመት የፈጀባችሁን ነገር እነርሱ በአንድ ማታ እንዲቀበሉት አትጠብቁ።

ወላጆች ሆይ፣ እናንተም ልጃችሁ ስትናገር እስከ መጨረሻው ስሟት። «ለምን?» ብላችሁ ጠይቁና መልሱን መዝኑት። ምኞቷ በጓደኛ ወሬ የመጣ እንደ ሆነ በሁለት ጥያቄ ይታወቃል፤ ከልቧ እንደ ሆነም እንዲሁ ይታወቃል። በግድ ሐኪም የሆነ ልጅ በየዕለቱ የሚያክመው ሕመምተኛ ስለ እናንተ ምኞት ዋጋ ይከፍላል። የኮሮና ወረርሽኝ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን መግባቱ በተነገረ ጊዜ ሁላችን በራችንን ዘግተን ተቀመጥን፤ የእነዚህ ነርሶች ወላጆች ግን ልጆቻቸውን በጸሎት እየሸኙ ወደ ሕሙማን ላኩ። ያን ጊዜ የማን ልጅ ናት ብሎ የናቃቸው አልነበረም።

አሁን ወደ ተማሪያችን እንመለስ። ከዚያች እሑድ በኋላ ወደ እኛ አስጠርተን ይቅርታ ጠየቅናት። መምህር ተማሪውን ይቅርታ መጠየቁ ያልተለመደ ስለ ሆነ ደነገጠች። ከዚያም ከንስሓ አባታቸው ጋር ሆነን ከአባቷ ጋር በተነጋገርን ጊዜ አባትየው ብዙ ዝም ብለው ቆዩና፣ «እኔ እኮ ለሰው ሁሉ ዶክተር ብዬ ተናግሬአለሁ፤ አሁን ምን ልበል?» አሉ። የሸክሙ ሥር ይህ ነበር። የንስሓ አባትየውም፣ «እናቴን ያስታመመች ልጅ አለችኝ በሉ። ከዚህ የሚበልጥ ምን ስም አለ?» ብለው መለሱላቸው።

አባቷ ያን ዕለት እሺ አላሉም። «ፈተናዋን በመልካም ትለፍ፤ ከዚያ በኋላ እናያለን» ብቻ አሉ። ልጅቱ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ናት፤ የፈተናዋም ቀን እየቀረበ ነው። አያቷ በምርኵዝ እየተደገፉ እስከ ደጀ ሰላም ለመድረስ በቅተዋል። ባለፈው የእመቤታችን በዓል ከቅዳሴ ስንወጣ አባትየውን በአጸዱ ሥር አገኘናቸውና የልጅቱን ደኅንነት ጠየቅናቸው። ቀድሞ «ዶክተር ደኅና ናት» ይሉን የነበሩት ሰው በዚያን ቀን የክርስትና ስሟን ጠርተው፣ «ደኅና ናት፤ እያጠናች ነው» አሉን።

እኛም ከዚህ የበለጠ አልጠየቅንም። የልጆቻችንን ልብ ለበጎ ሥራ የሚያነሣሣ አምላክ፣ የወላጆችንም ልብ ለማስተዋል ይክፈትልን። አሜን።